የርቀት ትምህርትና የሠርቶ አደሩ ሰዓት

የአንድን አገር የትምህርት ሥርዓት ለመመዘን የሕንፃዎቹን ብዛት ወይም በየዓመቱ የሚመረቁትን ሰዎች ቁጥር መጥቀስ ብቻ አይበቃም። በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ፣ በዚያ በር የገባውም ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ አብሮ መመርመር ይኖርበታል። ከዚህ አንፃር ሲታይ በአሁኑ ወቅት በከተሞቻችን ውስጥ በስፋት የሚታይ አንድ ክስተት ጠለቅ ያለ ትንተና የሚሻ ሆኖ እናገኘዋለን። ይኸውም ዕድሜያቸው ከሠላሳና ከአርባ ያለፈ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ በየሱቁ፣ በየመጋዘኑና በየመሥሪያ ቤቱ ላባቸውን እያፈሰሱ የሚኖሩ ወገኖች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን በርቀት ለመጀመር የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚደመጡት አስተያየቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን፣ «ከዚህ በኋላ ተምሮ የት ሊደርስ ነው?» በማለት የጎልማሳውን ጥረት በንቀት ያልፈዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትምህርቱን እንደማንኛውም ሸቀጥ ቆጥሮ፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ ከተከፈለና ሞጁሉ ከተረከበ ዲግሪው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል ብሎ ያምናል። እነዚህ ሁለት አስተያየቶች በላይ ላዩ ሲታዩ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ መሠረታዊ ነጥብ ይገናኛሉ። ሁለቱም ከተማሪው ተጨባጭ የኑሮ ሁኔታ አይነሡም። አንደኛው ችሎታውን ይጠራጠራል፤ ሌላው ኪሱን ብቻ ያያል። ሰዓቱን የሚቆጥርለት ግን የለም።

የእኛ መነሻ ከዚህ የተለየ ነው። ሠርቶ አደሩ ጎልማሳ ዲግሪ በርቀት ሲጀምር የሚገጥመው ዋነኛ ቅራኔ በሥራው ሰዓትና በንባቡ ሰዓት መካከል ያለው ቅራኔ ነው እንላለን። ይህ ቅራኔ በግልጽ ታውቆ መፍትሔ እስካልተፈለገለት ድረስ፣ የተቀሩት ችግሮች ሁሉ፣ የጥራቱም ሆነ የሐሰተኛው ማስረጃ ጉዳይ፣ በመመሪያ ብቻ የሚፈቱ አይሆኑም። ለዚህ ማሳያ ይሆነን ዘንድ የመርካቶን ገበያ እንወስዳለን።

ከማታ ትምህርት እስከ ርቀት ትምህርት

እንደሚታወቀው በሥራ ላይ ያለ ሰው ይማር የሚለው ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በይፋ ሥራውን ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና በ1940ዎቹ ውስጥ፣ ቀን በሥራ ላይ ለሚውሉ ሰዎች የማታ ትምህርት መስጠት ጀምሯል። በ1960 ዓ.ም. ገደማም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል ትምህርትን በተልእኮ ለመስጠት ሙከራ አድርጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሙከራው ብዙም ሳይራመድ ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትምህርት ሚኒስቴር በተልእኮ ይሰጠው የነበረው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ዲግሪ የሚሻው ሠራተኛ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው በር የማታው ክፍል ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

በጎልማሶች ትምህርት ታሪካችን ትልቁን ስፍራ የሚይዘው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደቱ እስከ 15 በሚደርሱ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያን ለዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አብቅቷታል። አስገዳጅነት የነበረበትና ከዘመኑ የፖለቲካ ዓላማ ጋር የተሣሠረ መሆኑ የታወቀ ነው። ከአሠራሩ ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ያ ዘመቻ ጎልማሳውን «ጊዜ ሲኖርህ ና» ብሎ አልጠበቀውም። መማሪያ ቦታው በየቀበሌው ተዘጋጀ፤ ሰዓት ተመደበ፤ አስተማሪውም ተማሪው ወዳለበት ሄደ። በሌላ አነጋገር የመማሪያው ጊዜና ቦታ የግለሰቡ የብቻ ሸክም መሆኑ ቀርቶ የማኅበረሰቡ ጉዳይ ሆነ።

ዲግሪን በርቀት የመማር ዕድል በስፋት የተከፈተው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እንደ አልፋና እንደ ቅድስት ማርያም ያሉ የግል ተቋማት በመስኩ ፈር ቀዳጅ ሆኑ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በተከታታይና ርቀት ትምህርት ክፍሎቻቸው አማካይነት ገቡበት። በ1999 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በአቃቂ የትምህርት ማዕከሉን አቋቋመ። በዚያው ዓመት የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ትምህርትን በሳተላይት መረብ ለአዲስ አበባና ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርስ የሙከራ ፕሮጀክት ጀመረ። በአጭሩ፣ ቀድሞ አንድ ብቻ የነበረው በር ብዙ ሆነ።

በዚህ ሂደት ግን ከትምህርቱ ስም ጋር አብሮ የተለወጠ አንድ ነገር አለ። «ተልእኮ» የሚለው የቀድሞው ቃል ላኪና ተቀባይ እንዳሉ ያስታውሳል፤ የተላከለትም ሰው መልስ ይጠብቃል። «ርቀት» የሚለው የአሁኑ ቃል ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ይናገራል። ለመሆኑ ይህ ክፍተት ምንድን ነው?

ርቀቱ የመንገድ ነውን?

መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ መስፋፋት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ኃይል ከተማይቱን በዘር ከፋፍሎ ለማደራጀት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ገፋው። የተገፋው ገበያ ግን አልከሰመም። ከምን አለሽ ተራ እስከ ሸማ ተራ፣ ከቆርቆሮ ተራ እስከ ሚስማር ተራ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ድረስ የተዘረጋ፣ የአገሪቱን ሸቀጥ የሚሰበስብና የሚበትን ታላቅ የንግድ ማዕከል ሆነ።

አንባቢ ካርታውን በዓይነ ኅሊናው ይመልከት። ከመርካቶ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተውና የስንቱን መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ያፈራው የሰንጋ ተራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትማ በእግር የሚደረስበት ነው። አዲስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በገበያው አጠገብ ይገኛል። እንግዲህ የርቀት ትምህርት ማለት ከዩኒቨርሲቲ ርቆ ለሚኖር ሰው ብቻ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ፣ የመርካቶው ሱቅ ጠባቂ ባላስፈለገው ነበር።

እርሱን ከመማሪያ ክፍሉ የሚለየው ኪሎ ሜትር አይደለም። ሱቁ ጠዋት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። እሑድም ቢሆን ለብዙው የዕረፍት ቀን ብቻ ሳይሆን የለቅሶ፣ የዕድርና የዘመድ ጥየቃ ቀን ነው። የመማሪያው ክፍል የሚከፈትበት ሰዓትና እንጀራው የሚገኝበት ሰዓት አንድ ላይ ወደቁ። ከዚህ የምንረዳው ርቀቱ የመንገድ ሳይሆን የሰዓት መሆኑን ነው።

ይህ የሰዓት ርቀት በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም። የሱቁ ባለቤት ሱቁን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ተቀጣሪው አይችልም። የቀን ገቢ የሚያሰላው ተሸካሚ አንድ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ማለት የዚያን ዕለት እራት መተው ነው። ሴቷ ነጋዴ ደግሞ ሱቋን ዘግታ ቤት ስትደርስ ሁለተኛው የሥራ ቀኗ ይጀምራል። ምግቡ፣ ልጆቹ፣ የታመመው ሽማግሌ ይጠብቋታል። ሞጁሉን የምትገልጠው ሌላው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ስለዚህ «የርቀት ተማሪ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ለአስተዳደር ይመች እንደሆነ እንጂ የነገሩን እውነተኛ ገጽታ አያሳይም።

«ታዲያ ነጋዴ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መርካቶ ራሱ ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ በቃል ሂሳብና በመተማመን ታላላቅ ንግድ የመሠረቱ ሰዎች ከዚያ እንደወጡ አያከራክርም። ይሁን እንጂ የንግዱ ሁኔታ ተለውጧል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም ተከትሎ መጥቷል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት በመርካቶ በርካታ ሱቆች ተዘግተው በነበሩበት ሰሞን የታየው ውዝግብ የሚያመለክተውም ይህንኑ ነው። የውዝግቡ ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ሕጉን አንብቦ የሚከራከርና መዝገቡን ራሱ የሚይዝ ነጋዴ፣ ወሬ ሰምቶ ከሚደናገጠው ይልቅ መብቱንም ግዴታውንም ለይቶ ያውቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን የሥራ መደቦች ከትምህርት ደረጃ ጋር በመያያዛቸው፣ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በማስረጃ ማነስ ምክንያት ከዕድገት ወደ ኋላ ሲቀር ይታያል። ስለዚህ ጎልማሳው ወደ ትምህርት የሚመለሰው ለጌጥ ሳይሆን የኑሮው አስገዳጅነት ስለሚገፋው ነው።

የሰዓቱ ሂሳብ

በመርካቶ ሂሳብ ሳይሠራ ውል የሚገባ ነጋዴ የለም። እኛም ስለ ዲግሪው ስንነጋገር ሂሳቡን አስቀድመን እንሥራ።

አንድ የዲግሪ ኮርስ የንባቡ፣ የልምምዱና የቤት ሥራው ጊዜ ተደምሮ ዝቅ ተብሎ ቢገመት መቶ ሰዓት ሥራ ይጠይቃል እንበል። የዲግሪው ፕሮግራም ደግሞ አርባ ያህል ኮርሶች አሉት እንበል። ይህም በድምሩ 4,000 ሰዓት ይሆናል። አሁን ወደ ሱቅ ጠባቂው እንመለስ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየምሽቱ አንድ ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ አራት ሰዓት ቢያነብ፣ በሳምንት 10 ሰዓት ያገኛል። ይህንንም ለማድረግ ብርቱ ሰው መሆን አለበት። በዓሉና ሕመሙ ተቀንሶለት በዓመት 48 ሳምንት ቢያነብ 480 ሰዓት ነው። 4,000ን ለ480 ስናካፍል ከስምንት ዓመት በላይ ይመጣል።

እንግዲህ በማስታወቂያው ላይ አራት ዓመት ተብሎ የተጻፈው ዲግሪ፣ በሳምንት አሥር ሰዓት ብቻ ላለው ሰው የስምንት ዓመት ሥራ ነው። በአራት ዓመት ጨርሷል ከተባለ ከሁለት ነገሮች አንዱ ተፈጽሟል ማለት ነው። ወይ ሌላ አሥር ሰዓት ከአንድ ቦታ አግኝቷል፤ ወይም ማንበብ ከነበረበት ገሚሱን አላነበበም። ሦስተኛ መንገድ የለም።

የርቀት ትምህርት ጉድለት ሥሩ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ተቋሙ ሰዓቱን ሳይጠይቅ ይመዘግባል፤ ተማሪውም ሰዓቱን ሳይቆጥር ይመዘገባል። የጎደለው ሰዓት ግን በዝምታ አይቀርም። የቤት ሥራው ለሌላ ሰው ተከፍሎ ይሠራል፤ የመመረቂያው ጽሑፍ ይገዛል፤ በቱቶሪያሉ ዕለት መገኘት ይቀራል፤ ፈተናው ሲቃረብ አጭር ማስታወሻ ይሸመደዳል። ይህን የሚያደርገው ሁሉ በተፈጥሮው አታላይ ነው ማለት ስሕተት ነው። ብዙው የጀመረው በቅን ልብ ነው። የሌለውን ሰዓት እንዳለ አድርጎ የሚቆጥር አሠራር ግን ቅኑን ሰው ሳይቀር ወደ ማጭበርበር ይገፋል። ድርጊቱ በዚህ ምክንያት ትክክል ነው ለማለት አንችልም፤ መንስኤውን ሳያውቁ ድርጊቱን ብቻ ማውገዝ ግን በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን እንደማከም ይቆጠራል።

ወረቀቱና ዕውቀቱ

የዚህ ሁኔታ ውጤት በተለያዩ ጊዜያት ጎልቶ ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት መጓደል ምክንያት የርቀት ትምህርት እንዲቆም የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው በብዙ ተማሪዎችና ተቋማት ላይ ድንጋጤ ፈጠረ፤ ከተቋማቱ ጋር ውይይት ከተደረገ በኋላም እገዳው ላልቶ ትምህርቱ ቀጠለ። ከዚህ ክንውን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሩን መዝጋት ችግሩን አልፈታውም፤ ምክንያቱም የትምህርቱ ፍላጎት ከኑሮው የመነጨ ነበርና። በሩን እንደነበረ መልሶ መክፈቱም ቢሆን ብቻውን ችግሩን አልፈታውም።

ሁለተኛው ክንውን በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የተሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። ከ150 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ውስጥ የማለፊያውን ነጥብ፣ ማለትም ሃምሳ በመቶውን፣ ያገኙት 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። እርግጥ ይህ አኃዝ በክፍል ውስጥ የተማሩትንም ያጠቃልላል፤ የግሎቹና የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎችም አነሣሣቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ አኃዙን በርቀት ትምህርት ላይ ብቻ መለጠፍ ተገቢ አይሆንም። ይሁንና ለሚመዘገበው ጎልማሳ የሚያስተላልፈው መልእክት የማያሻማ ነው። ከአሁን በኋላ በክፍያና በትዕግሥት ብቻ የሚገኝ ዲግሪ የለም። የመጨረሻው በር ላይ፣ ሞጁሉን ማን እንዳነበበው የሚጠይቅ ዳኛ ቆሟል።

በእኛ አመለካከት ፈተናው ተገቢ ነው። ዳኛ ብቻ ማቆም ግን በቂ አይደለም። ለዓመታት ከልጆቹ ጉሮሮ እየቀነሰ የከፈለ ሰው በመጨረሻው ቀን «አላለፍክም» ከሚባል፣ በመጀመሪያው ዓመት የቤት ሥራው በቀይ እስክርቢቶ ታርሞ፣ «ይህን አልገባህም፤ ተመለስና ይህን ምዕራፍ አንብብ» ቢባል ይሻለው ነበር። የጥራት ቁጥጥር መዝጊያው ላይ ብቻ ሲሆን ኪሣራው ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የርቀት ትምህርት በራሱ የደከመ ትምህርት ነው የሚለውን አስተያየት ታሪክ አይደግፈውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የትም ይማር የት፣ ፈተናውን ላለፈ ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ገና እስረኛ ሳሉ፣ በሰባ ዓመታቸው ነበር። በእኛም አገር አቶ መለስ ዜናዊ በወጣትነታቸው የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ትግል ከገቡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዙ ክፍት ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ዲግሪ በርቀት ተቀብለዋል። ስለ ፖለቲካቸው ያለው አስተያየት የተለያየ ቢሆንም፣ ጎልማሳ በርቀት መማር እንደሚችል ግን ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታላላቅ ሰዎችን ስም ጠርቶ «እነርሱ ከቻሉ አንተስ?» ማለት ቀላል ነው፤ የመርካቶው ሱቅ ጠባቂ የመሪ ጽሕፈት ቤት የለውም። ስለዚህ ከግለሰቦቹ ይልቅ ተቋማቱ ያደረጉትን መመርመር ይበልጥ ይጠቅመናል። የእንግሊዙ ክፍት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል፣ ቀድሞ የተገኘ የትምህርት ማስረጃን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ነገር ግን ለተማሪው አስተማሪ መደበለት፤ የቤት ሥራው በአስተማሪው አስተያየት ተጽፎበት ይመለስለታል። ትምህርቱን የሚያግዙ ፕሮግራሞችም ሰው ከሥራ በኋላ ቤቱ በሚገኝበት ሰዓት ጭምር በቴሌቪዥንና በራዲዮ ይተላለፉ ነበር። በሩ ሰፊ፣ መንገዱ ግን የተጠበቀ ነበር ማለት ነው።

በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ገሚስ ያህሉ በማታና በተልእኮ የሚማሩ ነበሩ። በተልእኮ የሚማረው ሠራተኛ የፈተናው ወቅት ሲደርስ ደመወዙ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲያገኝ ሕጉ ይደነግግ ነበር። የዚያ ሥርዓት ጉድለቶች ብዙ ናቸው፤ ሥርዓቱም ካለፈ ቆይቷል። ከርዕሳችን ጋር የሚገናኘው ግን አንድ ነጥብ ነው። ሠራተኛው ይማር ያለ ኅብረተሰብ፣ ሰዓቱንም ከሥራው ላይ ቆርሶ ሰጥቶታል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትምህርት ፈቃድን ጉዳይ ግን ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ይተወዋል። ሦስት ሰው በሚሠራበት የመርካቶ ሱቅ ውስጥ የኅብረት ስምምነት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሕጉ ከፋብሪካው በር አልፎ እስከ ገበያው መደብ ድረስ ሊደርስ አልቻለም።

ምን መደረግ ይኖርበታል?

ከላይ የተዘረዘረው ትንተና ወደ ተግባር ካልተለወጠ ከንቱ ይሆናል። በመሆኑም በሦስት ወገኖች ላይ የሚወድቁ ተግባራትን ለይተን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ተማሪው ራሱ ነው። ከመመዝገቡ በፊት የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ ያስፍር፤ ያገኘው አሥር ሰዓት ከሆነም የአሥር ሰዓት ያህል ኮርስ ብቻ ይውሰድ። ሁለት ኮርስ አንብቦ ማለፍ አምስት ኮርስ ከመሸምደድ ይበልጣል። ሊማርበት ያሰበው ተቋም ስም በመታወቁ ብቻ አይታለል። ዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በተቋም ስም ሳይሆን በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ መሆኑን ተገንዝቦ፣ የሚመዘገብበት መስክ በዚያ ማዕከል በርቀት እንዲሰጥ የተፈቀደ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራ። ቀጥሎም ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። የቤት ሥራዬን የሚያርመው ማን ነው? ታርሞ በስንት ቀን ይመለስልኛል? ቱቶሪያሉ የሚሰጠውስ መቼና የት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ተቋም የሚሸጠው ወረቀት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የገበያው ማኅበረሰብ ነው። መርካቶ ከባንክ በፊት በዕቁብ ካፒታል ያሰባሰበ ገበያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠራቅመው የማይችለውን ገንዘብ ሃያ ሰዎች በተራ እየተረዳዱ አግኝተውታል። ታዲያ ገንዘብን በዕቁብ ማሰባሰብ ከተቻለ ሰዓትን በዕቁብ ማሰባሰብ ለምን አይቻልም? በአንድ ተራ ጎን ለጎን ያሉ አምስት ሱቆች አምስት ተማሪዎች ቢኖሯቸው፣ በየቀኑ አንዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ንባቡ ሲሄድ አራቱ ሱቁን ቢጠብቁለት፣ እያንዳንዱ በሳምንት ግማሽ ቀን ያገኛል። ይህም አምስት ሰዓት ያህል ነው። ቀደም ሲል በሠራነው ሂሳብ መሠረት የስምንቱን ዓመት መንገድ ወደ አምስትና ስድስት ዓመት ያወርደዋል። የዕቁብ ዳኛ ገንዘብ እንደሚቆጣጠር ሁሉ ሰዓትንም ለመቆጣጠር የሚያዳግተው አይሆንም። የሱቅ ባለቤቶችም ሂሳብ የሚያውቅ ሠራተኛ ለራሳቸው ጥቅም መሆኑን መገንዘብ ይኖርባቸዋል።

በሦስተኛ ደረጃ መንግሥትና ተቋማቱ ናቸው። ተቋማቱ ተማሪን ሲመዘግቡ ሰዓቱን ጠይቀው የሚመጥነውን የኮርስ ብዛት የመወሰን፣ የቤት ሥራ አርሞ የመመለስን ግዴታም የማክበር ኃላፊነት አለባቸው። ተቆጣጣሪው አካልም የሕንፃና የሠራተኛ ቁጥር ከመመርመር አልፎ የታረሙ የቤት ሥራዎችን አስቀርቦ ማየት ይገባዋል። የንባብ ቦታን በሚመለከትም በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ሱቁን ሲመሽ የሚዘጋ ሰው ታክሲ ጠብቆ አራት ኪሎ እስኪደርስ ያቺ የተቆጠበች አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ታልቃለች። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በገበያው እግር ሥር፣ ሌሊቱ እስኪገፋ መብራት የሚበራባቸውና ጸጥታ ያላቸው መጠነኛ የንባብ አዳራሾች ቢከፈቱ፣ ማታ ባዶ የሚሆኑት የትምህርት ቤት ክፍሎችም ለዚሁ ቢውሉ፣ ወጪያቸው አነስተኛ ጥቅማቸው ግን የላቀ ይሆናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ለሚኖር ሰው የራሱ ወንበርና ብርሃን ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በመርካቶ የማይሸጥና የማይገዛ ነገር የለም ይባላል። ጊዜ ግን ከየትኛውም ተራ አይሸመትም። ሠርቶ አደሩ ጎልማሳ ለዲግሪው የሚከፍለው እውነተኛ ዋጋ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብር ሳይሆን ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹና ከዕለት ገቢው የሚቀንሰው ሰዓት ነው። ይህን ዋጋ የሚከፍል ሰው የሚቀበለው ነገር ዕውቀት እንጂ ባዶ ወረቀት መሆን የለበትም። ስለሆነም ተማሪው ሰዓቱን በሐቅ እንዲቆጥር፣ የገበያው ማኅበረሰብ ሰዓቱን እንዲያካፍለው፣ ተቋማትና መንግሥትም በዚያች በተገኘችው ሰዓት ውስጥ አስተማሪ፣ መጽሐፍና ብርሃን እንዲያቀርቡለት ይገባል። በሩ መከፈቱ መልካም ጅምር ነው፤ የትምህርቱ ፍሬ የሚለካው ግን በዚያ በር የገባው ሰው አንብቦ፣ ተረድቶና ተፈትኖ ሲወጣ ነው።